እማሆይ ዳገት እምቢ ያሉበት ክረምት

ሰኔ 6 ቀን 1975

ዛሬ አሻጥረኛ ተባልሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ካልሆነ በንዴት ብዕሩን እሰብረዋለሁ። በአውቶ መካኒክነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደዚህ የባሕር ዳር የማዳበሪያ መጋዘን ጋራዥ ከተመደብሁ ወዲህ ሥራዬ ቁልፍ ማቀበል ነበር። አሥራ ሁለት ቁጥር አምጪ፤ አሥራ አራት ቁጥር አምጪ፤ ጨርቅ፤ ውሃ። ባለፈው ወር ዋናው መካኒካችን ጋሽ ሣህሉ ወገባቸውን ሲያማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ተውልኝ፤ የአሮጌዋን ፒክአፕ ፊልትሮ፣ የናፍጣ ማጣሪያዋን፣ መቀየር። ቀየርሁ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ጋሽ ሣህሉ "ደግ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ሜዳልያ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፒክአፗ ማዳበሪያ ጭና ወደ ዱርቤቴ ስትሄድ መንገድ ላይ ጉልበት አጣች። ሾፌሩ ቢያዝን ተመልሶ መጥቶ፣ "ዳገቱ ላይ አህያ ቀደመችን፤ አህያዋም ጭነት ነበራት" አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ዞሮ እኔን አየ።

ጓድ አዘዘ የትራንስፖርት ኃላፊና የነዳጅ ቁጥጥር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። (በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ። ደብተሩ ግን የእኔ ነው፤ እዚህ አንቱታ አያገኝም።) እንዲህ አለ፦ "የአርሶ አደሩን ማዳበሪያ የሚያጓትት እጅ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ያው አሻጥር ነው።" እስኪጣራ ድረስ መኪና እንዳልነካ ታገድሁ። ከዚያም በውይይት ክበብ ቆሜ ግለሂስ ማድረግ አለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ከጋራዥ ወጥቼ ጽሕፈት ክፍል እገባለሁ።

ታይፕ መምታት አልችልም። ልችልም አልፈልግም።

ሰኔ 9

አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ሰም ማቅለጥ።

ናፍጣ በየመንገዱ ይቀዳል ተብሎ ኮሚቴው ባለፈው ወር መመሪያ አውጥቷል፤ እስከ ትናንት ሰሙን የሚያቀልጡት ጠባቂዎቹ ነበሩ። ጠዋት ወደ ገጠር የምትወጣዋ ፒክአፕ ኮታዋን ከሞላች በኋላ የታንከሯ ክዳን በሰም ይታሸጋል፤ ሰሙ ላይ ማኅተም ይመታል። ስትመለስ ሦስት የኮሚቴ አባላት ቆመው እያዩ ይከፈታል። ቀዩ ማሸጊያ ሰም ከአዲስ አበባ ስላልመጣ የጎጃም ንብ እንድትተካው ተወስኗል። ሰሙ ደግሞ የሚመጣው ከእኛ ቤት ነው። እናቴ ወለተ ሩፋኤል ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትጠመዝዛለች። በክበቡ "ከኋላ ቀር እምነት እንላቀቅ" የሚለን ጓድ አዘዘ ሲመሽ በጓሮ በኩል ሰው ልኮ የጧፍ ሰም ያስገዛል።

ማንም "ሴት ስለሆነች ነው" እንዲለኝ ዕድል አልሰጥም። ስለዚህ ጥንቅቅ አድርጌ አፈሰስሁት። የክዳኑን ዙሪያ፣ ጠርዙን፣ መሐሉን፤ መርፌ የምታክል ክፍተት አልተውሁም። ጓድ አዘዘ ማኅተሙን አሳርፎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ አደነቀ።

"አየሽ፣ ይኼ ሥራ ይስማማሻል።"

ሰሙ ትኩስ ነበር። እጁ ደግሞ ቅርብ። እግዜር ያውቃል እንዴት እንደ ታገሥሁ።

ሰኔ 12

ሚካኤል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን፤ እኔ ሰም ላይ። ፒክአፗ ዛሬም ደከመች። ቢያዝን ስም አውጥቶላታል፤ "እማሆይ"። ለምን ቢሉት፣ "በየዳገቱ ይሰግዳሉ።" ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ እማሆይ ማለት ጀምረዋል። አልሳቅሁም። ዞር ብዬ ትንሽ ሳቅሁ።

ሰኔ 15

ቢያዝንን ማናገር ግድ ሆነብኝ። ለሥራ ብቻ።

"ስትደክም ጭስ ታወጣለች?"

"አንቺ ኢንጂነር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ እየዋልን በስንት ጊዜሽ አናገርሽኝ!"

"ጭስ ነው የጠየቅሁህ።"

"ጭስ የለም። እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ።"

"ከየት ጀምሮ?"

"መራዊ እስክንቃረብ ጤነኛ ናቸው። መራዊ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። ሲያርፉ ይነቃሉ። ዱርቤቴ ልንደርስ ስንል ደግሞ ስግደት።"

"ስትመለሱስ?"

"እንደዚያው። ግቢ ደርሰው ጓድ አዘዘ ክዳኑን ሲከፍትላቸው ግን እፎይ ብለው ይተነፍሳሉ።"

"ስለ ሞተር ነው የጠየቅሁህ፤ ተረት አይደለም!" ብዬ ጥዬው ሄድሁ። ከዚህ ሰው ጋር ቁም ነገር መነጋገር አይቻልም።

አሁን ላስብ። ጥቁር ጭስ ብታወጣ ኖሮ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ ሞተሩ አየር አነሰው እል ነበር። ጭስ ከሌለ የራባት ናፍጣ ነው። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በፊልትሮው በኩል ነው። ፊልትሮውን የቀየርሁት እኔ ነኝ።

የፊልትሮውን የጎማ ቀለበት ገልብጬ ገጥሜው ይሆን? ቆሻሻ አስገብቼ ይሆን? አልገለበጥሁም። አላስገባሁም። ግን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲልህ እጅህን ማየት ትጀምራለህ።

ቢያዝን ጥርሱ ነጭ ነው። ይህን የጻፍሁት ሰው በጥርሱ እንደማይመዘን ለማስታወስ ነው።

ሰኔ 21

ዛሬ "የፒክአፑን የጉልበት ማነስ አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ" ተሰበሰበ። እኔ በተጠርጣሪነት ጥግ ላይ ተቀመጥሁ።

ጋሽ ሣህሉ "የናፍጣ ፖምፓው አርጅቷል" አሉ። ፈትተው አይተውት ደህና ሆኖ አግኝተውት ነበር። ቢሆንም "አርጅቷል" አሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ አስናቀ "ጭነት በዝቶባት ነው" አለ፤ ከዚያ የሚጭነው እሱ መሆኑ ትዝ ሲለው "ብዙም አልበዛባትም" ብሎ አረመ። ጓድ አዘዘ ተነሥቶ፣ "ይህ ሞተር እንግሊዝ ሠራሽ ነው። ኢምፔሪያሊዝም የሠራው ሞተር የሠርቶ አደሩን ዳገት እምቢ ቢል ምን ይገርማል?" አለ።

እጄን አወጣሁ። "ለአሥር ዓመት እሺ ሲል የኖረውስ ጓድ?"

"ያኔ አልነቃም ነበር!"

ሳቅ ሆነ። ጋሽ ሣህሉ በጨርቅ አፋቸውን ጠረጉ። ውሳኔ፦ ሌላ ስብሰባ። እስከዚያው እኔ ሰም።

ሰኔ 24

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ኮፈኑን ከፈትሁ። ታግጃለሁ፤ አውቃለሁ። ቢያዝን ሳልጠይቀው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሰው ሲመጣ እንዲያፏጭ ተስማማን። ዝም ብሎም ያፏጫል። ሦስት ጊዜ በከንቱ ከሞተሩ ሥር ተደበቅሁ።

"ማን መጣ?"

"ማንም። ዜማው ደስ ብሎኝ ነው።"

ፊልትሮዬን ፈታሁ። ንጹሕ ነው። የጎማ ቀለበቱ በቦታው፣ በትክክል፣ እንደ ገጠምሁት። ይህን ለራሴ አሥር ጊዜ አልሁት። የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ንጹሕ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ፍሬኑ ተጣብቆ እንዳይሆን እኔና ቢያዝን ገፋናት፤ ተንከባለለች። የናፍጣውን ቱቦ ፈትቼ የእጅ ፖምፓውን ደጋግሜ ገፋሁ፤ ናፍጣው እንደ ምንጭ ፈሰሰ። አስነሥተን ጋዝ ሰጠናት። ጮኸች። ከጣና ሐይቅ ዳር ይብራዎቹ ሁሉ ተነሥተው በረሩ።

ግቢ ውስጥ ምንም ሕመም የለባትም። መንገድ ስትወጣ ብቻ ነው። ታዲያ መንገድ ላይ ያለው፣ ግቢ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው?

ሰኔ 25

ሻይ! መራዊ ላይ ሻይ ይጠጣል። የብርጓል የምትባል ሴት ሻይ ቤት ነው አሉ። ቆንጆ ናት አሉ። መኪናዋ ደክማለች እያለ ለመቆም ሰበብ ቢፈጥርስ?

ይህ ሊጣራ የሚገባው የቴክኒክ ጥያቄ ነው።

ሰኔ 28

ተጣራ። የብርጓል የስድሳ ዓመት አሮጊት ናቸው። የአስናቀ አክስት ናቸው።

ነገሩ የቴክኒክ ጥያቄ ስለ ነበር ደስታም ኀዘንም አልተሰማኝም።

ሐምሌ 3

ወደ ቤት ስገባ እናቴ ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና ከእኛ ግቢ ልትወጣ አገኘኋት።

"ወዴት ነው?"

"ለእማሆይ ጠበል ልረጭላቸው ነው።"

"መኪና ናት እኮ እማዬ!"

"አውቃለሁ። መነኩሲት ብትሆን ኖሮ ራሷ ትሄድ ነበር። ልጄ፣ ሰው በዐይኑ ይበላል፤ ገና ስትቀጠሪ ቱታ ለብሰሽ ያዩሽ ቀን አውቄዋለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያ ሾፌር ልጅ ግን ደግ ነው። እጄን ስሞ በኋላ በር አስገባኝ" አለች።

"መቼ?"

"ትናንትም ረጭቻለሁ።"

ከአዘዘ ሰም፣ ከእናቴ ጠበል። ይህች መኪና ከእኔ ይልቅ ቤተሰብ አላት።

ሐምሌ 8

የዱርቤቴ ገበሬዎች ማኅበር አውራጃ ድረስ ሄዶ ከስሷል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል፤ ማዳበሪያው መንገድ ላይ ይሰግዳል። ጓድ አዘዘ ነገ ራሱ ይሄዳል። እኔንም ይወስደኛል፤ "ጥፋቷን በዐይኗ አይታ እንድታምን።" ማክሰኞ በክበቡ ቆሜ የምናገረውን አሁኑኑ እንዳዘጋጅ ነገረኝ።

አላዘጋጅም።

ትንሽ አዘጋጅቼ ቀደድሁት።

ሐምሌ 9

ረጅም ይሆናል።

ጠዋት ሰሙን አቅልጬ እንደ ልማዴ ጥንቅቅ አድርጌ አሸግሁ። ጓድ አዘዘ ጋቢና፣ ከቢያዝን ጎን። እኔ ኋላ፣ ሸራ ለብሼ ከማዳበሪያው ጆንያ ላይ። ዝናቡ ከከተማ ሳንወጣ ጀመረ።

መራዊ ስንደርስ መኪናዋ መዛል ጀምራለች። ቢያዝን ሊቆም ዳር ያዘ።

"ዛሬ ሻይ የለም!" ሲል የጓድ አዘዘን ድምፅ ሸራው ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

"ጓድ፣ እሳቸው እንዲያርፉ ነው እንጂ..."

"ሥራ ላይ ነን! ንዳ!"

ነዳ። ብዙም አልሄደች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ማርሽ ቀነሰ፤ እንደገና ቀነሰ፤ የሚቀነስ ማርሽ አለቀ። እማሆይ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጠው ቆሙ።

ከጭነቱ ላይ ወረድሁ። ጓድ አዘዘ ጃንጥላ ዘርግቶ ወጣ። "ይኸው! የእጅሽ ሥራ!" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ከመኪናዋ ሆድ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆርቆሮ ሲጎደጉድ የሚያሰማው ዓይነት። ጭቃው ላይ ተኝቼ ከሥር አየሁ።

ታንከሩ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። የሁዳዴ መጨረሻ ላይ እንዳለ መነኩሴ ጉንጭ።

እዚያው ጭቃው ላይ እንደ ተጋደምሁ ሁሉም ነገር ገባኝ። ናፍጣ ከታንከር ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ለዚህ ነው ክዳኑ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው። ያን ቀዳዳ በየማለዳው የሚደፍነው ሰም ነው። ሰሙን የሚያፈሰው እጅ የእኔ ነው። ናፍጣው ሊወጣ ይፈልጋል፤ በምትኩ የሚገባ ነገር የለም፤ ፖምፓው ይስባል፤ ታንከሩ ይጨመደዳል። ሲቆም በየስንጥቁ ጥቂት ይገባና ትነቃለች። ግቢ ስትደርስ ደግሞ ሰሙ ይነሣል፤ ያኔ ጤነኛ ናት። እፎይ ብላ ትተነፍሳለች! ሰውየው ነግሮኝ ነበር። ተረት ነው አልሁት።

ተነሥቼ በፊቴ ጭቃ እንዳለ፣ "ጓድ፣ ክዳኑ ይከፈት" አልሁ።

"በማን ፊት?"

"በእኛ ፊት።"

"እኛ ማን ነን? መመሪያው ሦስት አባላት ይላል። እኔ አንድ ነኝ። ሁለቱ ባሕር ዳር ናቸው።"

"ታዲያ እነሱ እስኪመጡ እዚህ እንደር?"

"መመሪያው ካለ እናድራለን!"

ቢያዝን ዝናቡ ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ በትሕትና ጠየቀ። "በምን ይምጡ ጓድ? መኪናችን ይኸው እዚህ ቆማለች።"

ጓድ አዘዘ አሰበ። እውነቱን ልናገር፤ ሲያስብ አየሁት። ለዚህ መመሪያ አላገኘለትም።

መንገድ ዳር ገበሬዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ሽማግሌ ጆንያዎቹን እያየ፣ "ጌታው፣ እንግዲህ ይህ ማዳበሪያ ለከርሞ ነው?" አለ። የሚስቁ መሰለኝ። አልሳቁም። ጤፋቸውን ነው የሚያስቡት።

ያኔ ወሰንሁ። የቱታዬ ቁልፍ ከተበጠሰ ሰንብቷል፤ አንገቱን የያዘው መርፌ ቁልፍ ነው። ነቀልሁት።

"ጓድ፣ ክዳኑን አልከፍተውም። ማኅተሙንም አላነሣውም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልወጋው ነው።"

"የመንግሥት ማኅተም!" ብሎ ጃንጥላውን ጣለ። ቢያዝን ጃንጥላውን ሊያነሣለት ጎንበስ አለ፤ ሲያነሣ በመሐላችን ረጅም ጊዜ ቆየ። በጣም ረጅም። ጃንጥላ ማንሣት ያን ያህል አይፈጅም።

ቀዳዳው ያለበትን ቦታ እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። ወጋሁት። "ፊ..." የሚል ፉጨት ወጣ፤ አላቋርጥም አለ። ገበሬዎቹ አማተቡ። ታንከሩ "ጓ!" ብሎ ሆዱን መለሰ።

"ምንድን ነው የወጣው?" አለ ጓድ አዘዘ።

"አልወጣም ጓድ። ገባ።"

"ምን ገባ?"

"አየር።"

ቢያዝን አስነሣት። እማሆይ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ወጡት። እኔ ጆንያ ላይ ቆሜ ዝናቡን ፊቴ ላይ ተቀበልሁት። እስከ ዱርቤቴ አልቆመችም። ገበሬዎቹ ጆንያውን ከእጃችን ነጥቀው በየአህያቸው ጫኑት። ጓድ አዘዘ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ "የመንግሥት ማኅተም ወግተሻል። ማክሰኞ እንገናኛለን" አለኝ።

አሁን ማኅተም ወጊ ነኝ። ከአሻጥረኛ ይሻላል? አላውቅም። ከጋራዡ ለመውጣት አንዱም ይበቃል።

ሐምሌ 11

ነገ ነው። እናቴ ዐይኔን ዐይኔን ታየኛለች። "ይቅርታ ብትያቸው ምን አለ?" ትላለች። ከዚያ ደግሞ፣ "አትበያቸው" ትላለች። በሰሙ ምክንያት የታሰረ ሰው ይኖር እንደሆን ጠየቀችኝ። የለም አልኋት። አለ ወይስ የለም፣ ነገ እናያለን።

ሐምሌ 12

አዳራሹ ሞላ። ጓድ አዘዘ፣ "ጓድ አገርነሽ የመንግሥትን ማኅተም በመርፌ ስለ ወጋችበት ድርጊት ግለሂስ ታደርጋለች" አለ። የማዳበሪያውን መድረስ አላነሣም።

ቆምሁ።

"ጓዶች፣ ራሴን እሂሳለሁ። የእማሆይን ትንፋሽ ያፈንሁት እኔ ነኝ። አሽጊ ስባል አሸግሁ። ቀዳዳው ለምን እንደተበሳ ሳልጠይቅ በጥራት ደፈንሁት። የተማርሁት ለመጠየቅ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ማኅተሙን በመውጋቴ ግን አልጸጸትም። የምጸጸተው በሰኔ ባለመውጋቴ ነው።"

ጽሕፈት ክፍሉን ቁልጭ አድርጌ አየሁት፤ ወንበሩን፣ ታይፑን፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሳይቀር።

ከኋላ ጋሽ ሣህሉ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። በክበቡ ተናግረው አያውቁም። "እኔም ራሴን እሂሳለሁ። ጤነኛ ፖምፓ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። የልጅቱን ሥራ አይቼ ደግ ነው ብዬ ነበር፤ ስትከሰስ ግን ደግ መሆኑን ዋጥሁት።"

ተቀመጡ። አስናቀ ተነሣ። "እኔም እሂሳለሁ። ጭነት አብዝቻለሁ። ትንሽ።" ከዚያ የኮሚቴው ሁለተኛ አባል፦ "እኔም፤ ሲታሸግ ሳላይ ነው የምፈርመው።" ሦስተኛው፦ "እኔ ስፈርምም አልነበርሁም።" የኋላ በር ጠባቂው ሳይቀር ከመስኮት ብቅ ብሎ፣ ጠበል ይዛ የመጣች ሴት እንዳሳለፈ ተናዘዘ። አዳራሹ በሳቅ መፍረስ ጀመረ።

ቢያዝንም ተነሣ። "እኔ ራሴን የምሂሰው፣ ይተነፍሳሉ ብዬ አንድ ጊዜ ስናገር ሰው ስለ ተቆጣኝ ዝም በማለቴ ነው። ሁለተኛ ዝም አልልም።" ይህን ሲል ወደ ሰብሳቢው አላየም። ጆሮዬ ለምን እንደ ጋለ አላውቅም፤ አዳራሹ ታፍኖ ነበር።

በመጨረሻ በመላው አዳራሽ ራሱን ያልሄሰ አንድ ሰው ቀረ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጓድ አዘዘ ሰዓቱን አየ። ጣሪያውን አየ። ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

"ጊዜው ስለሄደ ስብሰባው ተበትኗል" አለ።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ በቦርዱ ላይ ተለጠፈ። እሽጉ ይቀጥላል። ነገር ግን ከታሸገ በኋላ ማኅተሙ መሐል ላይ ሦስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት በሕጋዊ መንገድ ይወጋል። ወጊዋ "የጋራዡ መካኒክ ጓድ አገርነሽ" ናት።

መካኒክ ይላል። ተመልሼ ሄጄ ደግሜ አነበብሁት።

ሐምሌ 20

ጊዜ የለኝም። ላንድክሩዘሩ ፍሬን፣ ትራክተሩ ጎማ፣ የጋሽ ሣህሉ ወገብ ደግሞ እንደገና። ሁለት ሞተር ብቻዬን ፈትቻለሁ፤ አንዱን ገጥሜያለሁ። እጄን ሳልታጠብ ጽፌ ገጹ ናፍጣ ሆነ። ይሁን። ውጭ ቢያዝን ጥሩምባ ይነፋል። ወደ ዱርቤቴ ለመንገድ ፍተሻ መካኒክ ይዞ እንዲሄድ ታዟል አለኝ፤ ማን እንዳዘዘው ግን አልነገረኝም።

አልጠየቅሁም። ቁልፎቼን ይዤ እየወጣሁ ነው።